በዊልማ ደጃፍ የተተከለው ሰሌዳ

ዊልማ ስቴንበርግ ሰውን የምትመዝነው በመኪና አነዳዱ ነበር። በኔብራስካ ሜዳ፣ ከበቆሎ ማሳ በቀር ዐይን የሚያሳርፍ ነገር በሌለበት የጠጠር መንገድ ላይ፣ ሁለት መኪኖች ሲተላለፉ ነጂው ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን ብድግ ያደርጋል። ሰላምታው ይኸው ነው። ጣቱን የማያነሳ ሰው በዊልማ ሚዛን ወይ እንግዳ ነው ወይ ባለጌ። አምስቱንም ጣቶቹን እያውለበለበ የሚያልፈው ደግሞ ለምርጫ የቀረበ ነው። ይህን ሦስተኛውን ከሁለቱም አብልጣ ትንቀው ነበር።

በዚያ መኸር አምስት ጣት የሚያውለበልቡ ሰዎች ሦስት ነበሩ። ካውንቲ የሚሉትን ወረዳቸውን ከሚያስተዳድሩት ኮሚሽነሮች የአንዱ ወንበር ባዶ ሆኖ ነበርና። ኮሚሽነር ማለት የትኛው ድልድይ እንደሚጠገን፣ የትኛው መንገድ ጠጠር እንደሚለብስ የሚወስን ሰው ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዊልማ ማንም ይመረጥ ማን ግድ ባልሰጣት። አሁን ግን በከተማዋ ዳር ያለው የአዛውንቶች መጦሪያም በኮሚሽነሮቹ እጅ ነበር፤ በመጦሪያው ውስጥ ደግሞ ኦርቪል አለ።

ኦርቪል ባሏ ነው። ልጅ አልወለዱም። አብረው ላም አልበዋል፣ አብረው ዘርተው አጭደዋል፣ እሁድ እሁድ እሷ በሉተራኑ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ስትመታ እሱ ከኋላ ረድፍ ተቀምጦ ቅኝቱን እየሳተ ይዘምር ነበር። ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ከመታው ወዲህ መዝሙሩም ንግግሩም ቀረ። የቀረው በግራ በኩል የምትነሳ ግማሽ ፈገግታ ናት። ዊልማ ቀትር ላይ በጠጠሩ መንገድ እየነዳች ትሄድና ምሳውን በማንኪያ ታጎርሰዋለች። ዐይኗ ስለደከመ ሐኪሙ በአውራ ጎዳና እንዳትነዳ ከልክሏታል፤ የጠጠሩን መንገድ ግን በዐይኗ ሳይሆን በልማድ ነው የምትነዳው። አምላኳን የምታመሰግነው ለዚህች ምሳ ነበር። ሌላ ነገር አልለመነችውም።

በመስከረም መጨረሻ ድዋይት ሊንድክዊስት በትልቁ መኪናው እየገሠገሠ ግቢዋ ገባ። ድዋይት የአጎቷ ልጅ ነው። ኮርማ ያረባል፤ ኮፍያው ከትከሻው ይሰፋል።

“ዊልማ! አንቺ ሳታረጂ እኔ አረጀሁ እኮ!” አለ ከመኪናው ሳይወርድ።

“ኮፍያው ከብዶህ ነው። ምን ፈልገህ መጣህ?”

“ዘመድ ለመጠየቅ ምክንያት ያስፈልጋል እንዴ?”

“ከፋሲካ ወዲህ ዝር ላላለ ሰው ያስፈልጋል።”

ሳቀና ከመኪናው ኋላ መዶሻና የምርጫ ሰሌዳ አወረደ። ሰሌዳው ላይ ራሱ ድዋይት ከነኮፍያው ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። ከሥሩ “ሊንድክዊስት፤ አራተኛ ትውልድ” ይላል። ምን ሊሠራ እንዳሰበ የሚናገር ቃል አልነበረበትም።

“አንቺ መንገድ ዳር ነሽ፤ ሰው ሁሉ ያየዋል። ቅር አይልሽም አይደል?”

ቅር ብሏታል። ነገር ግን በዚያ አገር መዶሻ ይዞ ግቢህ የቆመን ዘመድ አይሆንም ብሎ መመለስ ነውር ነው። ስለ መጦሪያውም ልትጠይቀው ፈልጋ ነበር። ጥያቄው ምላሷ ጫፍ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። እዚያ ለራስ ጉዳይ መጠየቅ ከልመና ይቆጠራል፤ እሷ ደግሞ ለምና አታውቅም። ይሉኝታ ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ እግዚአብሔር ይቁጠረው።

“ትከለው፤ አበቦቼን ግን እንዳትረግጥ” አለችው።

አንዷን ረግጦ ተከለው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

በማግስቱ ኦርቪልን ስታጎርስ፣ አስታማሚዋ ማርሊስ አንሶላ እያጠፈች መጣች።

“ድዋይት ዘመድሽ አይደል? ሰሌዳውን ደጃፍሽ አየሁት። እስቲ ጠይቂልን። ከምርጫው በኋላ ይህ ቤት ይዘጋል እየተባለ ነው።”

“ማነው ባዩ?”

“ያላለ ማን አለ! ቀለም ቀቢው እንኳን ግድግዳውን እኩሌታ ላይ ትቶት ሄደ። በሽተኞቹን ከሁለት ካውንቲ ወዲያ፣ ትልቁ ከተማ ነው አሉ የሚወስዷቸው።”

ከሁለት ካውንቲ ወዲያ ማለት በአውራ ጎዳና ማለት ነው። ዊልማ ማንኪያውን በአየር ላይ እንደያዘች ቀረች። ኦርቪል አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። የሚያጎርሰው ሌላ ሰው ይሆናል፣ እሱም ቢሆን ከተገኘ ነው ብላ አሰበች። “ይጠየቃል” አለች በመጨረሻ፤ ነገር ግን ቀናት አለፉ፣ አልጠየቀችም።

ከምርጫው በፊት የእሳት አደጋ ጣቢያው እራት ያበላል። የእሳት አደጋ መኪኖቹ ወደ ውጭ ይወጡና በቦታቸው ጠረጴዛ ይዘረጋል። ምግቡ በባቄላና በተፈጨ ሥጋ የተሠራ የሚያቃጥል ወጥ ነው፣ ከቀረፋ ጣፋጭ ዳቦ ጋር። የሌላ አገር ሰው ሲያየው ፊቱን ያጨማድዳል፤ እነሱ ግን ጣፋጩን ወጥ ውስጥ እያጠቀሱ ይበሉታል። ጭልፋውን የሚይዙት ዕጩዎቹ ናቸው። ሽርጥ አስረው ለሕዝቡ ይቀዳሉ፤ ሕዝቡም ዝም ብሎ እየበላ ይታዘባቸዋል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ዊልማ ሳህኗን ይዛ ተሰለፈች። መድን ሻጩ ዳርቢ ፕራውት ለሚፈራቸው ሞልቶ፣ ለመበለቶች በቁንጣሪ ይቀዳል። ድዋይት ድስት ላይ አጎንብሶ እንኳን ኮፍያውን አላወለቀም። ሦስተኛው ዕጩ ሊዮን ኮዝሚኪ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። የገዛ ጫማው ላይ ወጥ ደፍቶ በሌላው እግሩ እየጠረገ ነበር። ከወንዙ ማዶ ካለው ካውንቲ ከመጣና እዚህ ካገባ ብዙ ዓመቱ ነው፤ ጸጉሩ እዚሁ ሸብቷል፤ ሰው ግን እስከዛሬ “አዲሱ ሰውዬ” ነው የሚለው።

“ከእነዚህ ከሦስቱ ድስቱ ይሻላል” አለች ዊልማ፣ አጠገቧ ለተቀመጠችው ለጎረቤቷ ለአዮን። “ቢያንስ ውስጡ ያለው ነገር ይታወቃል።”

“ዝም በይ፤ ይሰሙሻል።”

“ይስሙኝ። መስማትስ መቼ ይችሉበታል?”

የእሳት አደጋው አለቃ ሌስተር ጭልፋውን በድስቱ ላይ ቀጭ ቀጭ አድርጎ ሰውን ጸጥ አሰኘ። ጥያቄው ሁልጊዜም አንድ ነው፤ ብቃትህ ምንድን ነው? ብትመረጥ ምን ታስቀድማለህ?

ዳርቢ ሽርጡን ሳብ አድርጎ ቆመ። “ሁላችሁም ታውቁኛላችሁ። በትምህርት ቤት ዘመኔ ቡድናችንን ለዋንጫ ያደረስኩ አምበል ነበርኩ።”

“ተሸንፋችሁ አልነበር እንዴ!” አለ አንዱ ከኋላ።

“ሽንፈትም ያስተምራል!” አለ ዳርቢ ሳያፍር። “ብመረጥ የማስቀድመው ማስተዋልን ነው። ካውንቲያችን የሚያስፈልገው የሚያስተውል ሰው ነው!”

“ሰው ያለውን ነው የሚያስቀድም” አለች ዊልማ። “ይህ የሌለውን ከየት አምጥቶ ያስቀድማል?” አዮን ሳቋ እንዳያመልጣት ዳቦ ጎረሰች።

ድዋይት ቀጠለ። ቅድመ አያቱ በባዶ ሜዳ ላይ የሣር መሬቱን እንደ ጡብ እየቆረጠ፣ በገዛ እጁ ቤት እንደሠራ ተረከ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ዐይኑንም ጠረገ። ዊልማ ያንን ቅድመ አያት ታውቀዋለች፤ የሷም ነውና። አያቷ እንደነገረቻት ሣሩን የቆረጠችውም ግድግዳውን ያቆመችውም ሚስቱ ናት፤ እሱ በሌላ ሰው ጥላ ሥር ተኝቶ ስለ ወደፊቱ ያስብ ነበር። ድዋይት ከማን እንደወጣ ይህ በቂ ምስክር ነው አለች በሆዷ።

“የማስቀድመው” አለ ድዋይት፣ “በትርዒት ሜዳችን ላይ ለፈረሶች ጣሪያ ያለው ትልቅ መጋለቢያ ማሠራት ነው! ዝናብ ይዝነብ በረዶ ይውረድ ፈረሶቻችን አይመቱም፤ እንግዳም ከሩቅ ይመጣልናል!”

ሰዉ አጨበጨበ። ፈረስ የማይወድ የለም።

ኮዝሚኪ ሲነሳ ወንበሩ ወደቀ። ስለ ከተማዋ የፍሳሽ ቱቦ ማውራት ጀመረ። አወራ፣ አወራ፤ ሰው ያዛጋ ጀመር። ሌስተር ጭልፋውን ሲያነሳ ነው ጥያቄውን ያስታወሰው።

“ብቃት… እ… ቱቦ አውቃለሁ። ሌላው ደግሞ የአዛውንቶቹ ቤት ነው። አማቴ እዚያ ናት። ከተዘጋ እኛ ቤት ነው የምትመጣው። ስለዚህ እኔ እንዲዘጋ አልፈልግም።”

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዊልማ አልሳቀችም። አማቱን ፈርቶ የሚወዳደር ወንድ! ከንቀቷ ብዛት ሳህኗን ገፋችው። ነገር ግን ቃሉ ከጆሮዋ አልወጣ አለ። ስለ ቤቱ የተነፈሰ እሱ ብቻ ነው። ምሽቱን ከተነገረው ሁሉ እውነት የነበረውም ይኸው አንድ ፍርሃት ነው።

“እንግዲህ እናመሰግናለን፤ ሳህን ለማጠብ የሚረዳ—” ሲል ሌስተር፣ ዊልማ ቆማ ነበር። በዚያ እራት ላይ ከሕዝቡ ተነስቶ የጠየቀ ሰው አይታወቅም። አዮን እጅጌዋን ጎተተቻት።

“ድዋይት፣ አንተስ? የአዛውንቶቹን ቤት ምን ታደርገዋለህ?”

“ዊልማ፣ ይሄን እኮ ቤት ሄደን ብንጫወተው…”

“ቤትማ መጥተህ ሰሌዳህን ተክለህ ሄድክ።”

ድዋይት ጉሮሮውን ጠረገ። “እንግዲህ እውነቱን እናውጣው። ቤቱ አርጅቷል። በትልቁ ከተማ ጥሩ ጥሩ ቦታ አለ። ለኦርቪልም ይሻለዋል።”

“እኔንስ ማን ያደርሰኛል? ዐይኔን ታውቃለህ።”

“ቤተሰብ አለሽ እኮ!”

“ከፋሲካ ወዲህ ዝር ያላለው?” አለች ሳትቀመጥ። “ይገባኛል፣ ድዋይት። የኦርቪል ጥፋቱ ሰው መሆኑ ነው። ፈረስ ቢሆን ጣሪያ ትሠራለት ነበር።”

ሳህን ከሚታጠብበት በኩል አንዱ በሳቅ ፈነዳ፤ ሳቁም እንደ ደረቅ ሣር እሳት ጠረጴዛውን ሁሉ አዳረሰ። ድዋይትም አብሮ ፈገግ አለ፤ ልክ እንደ ሰሌዳው። ዊልማ ይቅር ልትለው ያልቻለችው ያቺን ፈገግታ ነው።

መኪናዋ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። በሰው ፊት ለምኛለሁ አለች ለራሷ። ከዚያ ግን፣ ኦርጋን ስትመታ እንደምታደርገው፣ ትንፋሿን ሰብስባ ጸለየች፤ “ጌታዬ፣ ላንተ ከለመንኩ ለሰውም ብለምን ምን ይቀርብኛል?” አለች። ልቧ ቀለል አላት።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ለምሳ ወደየቤቱ በሚነዳበት ሰዓት፣ የቤተ ክርስቲያን ልብሷን እንደለበሰች ሰሌዳውን ትነቅል ጀመር። የሽቦው እግር ጠልቆ ኖሮ እምቢ አላት። መኪኖቹ ሲያልፉ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ጣቶች ቀስ ብለው ይነሳሉ። በመጨረሻ የድዋይት መኪና መጣ።

“ምን እያደረግሽ ነው? ሰው እያየሽ!”

“ሰው እንዲያይ አይደል እዚህ የተከልከው?”

“የአጎትሽ ልጅ እኮ ነኝ! ለዚያ ለማዶ ሰው ብለሽ…”

“እሱማ ሰሌዳ ልትከልም አላለኝ። አንተ ዘመዴ ስለሆንክ በእጅህ ልስጥህ ብዬ ነው። እንካ።”

“አልቀበልሽም!”

“ተወው እንግዲያ። የዶሮ ቤቴ ነፋስ ያስገባል።”

ድዋይት አፈሩን እያቦነነ ሄደ። አንዲት ጣት እንኳን አላነሳም። ዊልማ ሰሌዳውን በዶሮ ቤቱ ቀዳዳ ላይ ቸነከረችው፤ ዶሮዎቿም አራተኛውን ትውልድ እያዩ ቆጥ ላይ ወጡ።

በደጃፏ የቀረው የተነቀለው ሰሌዳ ጉድጓድ ነው። በዚያ አገር የተተከለን ሰሌዳ ማንም ልብ አይለውም፤ ዘመድ የነቀለው ግን ይወራል። በእህል ጎተራው በር የሚሰበሰቡት ወንዶችም ድዋይትን ባዩት ቁጥር “ጣሪያው ደረሰ ወይ?” እያሉ ጠመዱት። ድምፁ ሲቆጠር፣ በጥቂት ሰው ብልጫ ኮዝሚኪ አሸነፈ።

አዲሱ ኮሚሽነር በጭቃ ጫማው ደጃፏ መጥቶ ባርኔጣውን አወለቀ። “ሚሲስ ስቴንበርግ፣ ስለ ድጋፍዎ ላመሰግንዎ ብዬ ነው።”

“አንተን አልደገፍኩህም” አለችው። “አማትህን ነው የደገፍኩት። ጫማህን ሳትጠርግ እንዳትገባ።”

ሥራውም አላማረለትም። በመጀመሪያው ስብሰባ ስለ ቱቦ አውርቶ አውርቶ አንዱን ኮሚሽነር አስተኛው። ቤቱ ይዘጋ የሚል እጁን ያንሳ ሲባል ግን እጁን አላነሳም፤ በዚያችው ባልተነሳች እጅ ቤቱ ከመዘጋት ተረፈ። ቀለም ቀቢውም ተመልሶ የቀረውን ግድግዳ ጨረሰ። እግዚአብሔር ለሥራው የሚመርጠው ዕቃ ያስገርማል። ዊልማም ይህን ዕቃ እየናቀችው አመሰገነችበት።

ቀትር ላይ ማንኪያውን ወደ ኦርቪል አፍ እያስጠጋች የሆነውን ሁሉ ነገረችው፤ ስለ ቱቦው፣ ስለተኛው ኮሚሽነር፣ በዶሮ ቤቱ ላይ ስለሚስቀው ድዋይት። ኦርቪል ዋጠ። ከዚያ በግራ በኩል ያቺ ግማሽ ፈገግታ ብቅ አለች።

“ቀስ ብለህ ብላ” አለችው። “ነገም እመጣለሁ።”