ማርቆስን «ሞቷል» ያልኩበት ኮረብታ

በዚያ ቀን ኮረብታው ላይ የነበርነው አምስት ነን። አዛዣችን ሃምሳ አለቃ ደሳለኝ፣ መትረየስ ተኳሹ ኑሪ፣ ረዳቱ አበበ፣ ከአለታ ወንዶ የመጣው ረጅሙ ማርቆስ፣ ቁስል አሳሪዋ እኔ። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ።

ትእዛዝ የደረሰን ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። እስኪመሽ ኮረብታውን እንድንይዝ ተባልን። ምሽግ ውስጥ ኑሪ ማርቆስን «አንተ ቀውላላ፣ ጎንበስ በል! አንተን ሲያዩ እኔንም ያገኙኛል» አለው።

«አንተንማ ሳሩም ይሸፍንሃል» አለ ማርቆስ። ሳቅን።

ሦስት ሰዓት ላይ መድፉ ጀመረ። አበበ ወዲያው ሞተ። ቀትር ላይ ኑሪ ሆዱን ተመታ። ውሃ ውሃ ሲል ኮዳችን ሁሉ ባዶ ነበር። ማርቆስ ጠመንጃውን አስቀምጦ ጀሪካን አነሳ። «መጣሁ» አለኝና ከኋላችን ባለው ቁልቁለት ወረደ። አልተመለሰም። ኑሪ ሳይጠጣ ሞተ።

ማታ ሌላ ጦር ተካን። ሃምሳ አለቃ ቆጠሩን።

«ማርቆስስ?»

«ሞቷል።»

«አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

አላየሁም። ጠመንጃውን ትቶ ስለሄደ ከዳ እንዳይባል ፈርቼ ነው። ሦስት ሙት ተብሎ ተጻፈ።

ልጄን ሐዋሳ ወልጄ «ከእኛ አንድም ሰው ወደኋላ አላለም» እያልኩ አሳደግኳት። በቅርቡ ከግንባር የተመለሰ የጎረቤት ልጅ ሳሙና ሊገዛ ሱቄ መጣ። አብራኝ የነበረችው ልጄ ለምን እንደተመለሰ ጠየቀችው።

«አልቻልኩም፤ ትቼው መጣሁ» አላት።

«ታዲያ አንተም የዚህ አገር ሰው ነኝ ትላለህ? ከእናቴ ጓዶች አንድም አልሸሸም!»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው፣ እትዬ? አንድም ሰው?»

ሳሙናውን ዘረጋሁለት። ሳይወስደው ሄደ።

ጓደኛዬን ላድንበት የተናገርኩት ቃል ልጄ እጅ ሲገባ ሰው መመዘኛ ሆነ። አገር ማለት ወደኋላ ያላሉ ሙታን ብቻ ናቸው ብዬ ካስተማርኳት፣ ይህ ልጅ የማን ነው? በማግስቱ ሳሙናውን ይዤ ቤቱ ሄድኩ፤ እሷንም አስከትዬ። ለሁለቱም እውነቱን ነገርኳቸው።

«ታዲያ ማርቆስ ሸሽቷል?» አለችኝ።

«ውሃ ሊያመጣ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።»

ሲሞቱ ያየኋቸው ሁለት ናቸው፤ አበበና ኑሪ። ማርቆስን ከሙታን ቁጥር አውጥቼዋለሁ። ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፤ ሲሄድ ያፏጫል። በሕይወት ካለ ደህና መሆኑን፣ ከሞተም የት እንዳረፈ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።