የዙህራ በጎችና የወረዳው ዳኞች

ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ቀነዓ የፍርድ ቤት ዘበኛ ነበርኩ እንጂ የመጻፍ ሰው አይደለሁም። ፊደልም የለየሁት ባለጉዳዮች ማመልከቻቸውን ይዘው በር ላይ ሲቆሙ፥ በትከሻቸው ላይ አሻግሬ እያየሁ ነው። ብሳሳት እለፉኝ። ስለ ዙህራ የሚጽፍ ሌላ ሰው ስላጣሁ ነው።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። በሮቤና በጎባ ዙሪያ ካሉት ወረዳዎች ባንዲቱ ነው የምሠራው፤ ስሟን ባልጠራ ይሻለኛል። ዙህራ እዚያው ወንዝ ዳር የምትኖር ገበሬ ናት። ባሏ ሲሞት የባሏ ወንድም ወዚር የገብስ ማሳዋን አጠረባት። ሌላ መሬት የላትም። ያንን ለማስመለስ ስትመላለስ ነው ጠጉሯ የሸበተው።

ያን ጊዜ የነበሩት ዳኛ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጠዋል። ከወዚር ጋር በጣም ተወዳጅተው ነበር፤ በዓል በመጣ ቁጥር ቤቱ ይጋበዛሉ። ዙህራ በግ ይዛ ትመጣለች፤ በጉ ይገባል፥ እሷ ውጭ ትቀራለች።

ኋላ የአገር ሽማግሌዎች ተሰብስበው ለበላይ አመለከቱ። ዳኛ በየሁለት ዓመቱ ይነሣልን፥ ሲቆይ የጥቂት ሰዎች ወዳጅ ይሆናል፥ እኛን ይረሳናል አሉ። ዙህራ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች። እኔም ፈረምኩ። አቤቱታው ተሰማና ዳኛው ተነሡ። ዙህራ ያን ቀን እልል አለች።

ከዚያ በኋላ ዳኛ መጣ፥ ሄደ፥ ሌላ መጣ። እውነቱን ለመናገር ከወዚር ጋር የተወዳጀ አልነበረም፤ ለመወዳጀት ጊዜም የላቸውም። ግን አዲስ ሹም ሲመጣ ባለጉዳይ እጅ መንሻ ይዞ ነው የሚገባው። ዙህራም ለእያንዳንዳቸው በግ አመጣች። ነገሯን ሰምተው፥ ማሳውን አይተው፥ ሊፈርዱ ሲሉ ሁለት ዓመታቸው ይሞላና በቅሏቸው ይጫናል። አዲሱ ደግሞ «ከመጀመሪያው ንገሪኝ» ይላታል።

«ኦቦ ቀነዓ፥» አለችኝ አንድ ቀን፥ «ወላሂ ዳኞቹን ከእኔ ይልቅ በጎቼ ያውቋቸዋል።»

«ምን ይደረግ አዴ ዙህራ። የሚመጣው ይሻል ይሆናል።»

«ለማን? ለበጉ?»

አራተኛው ዳኛ የገቡ ቀን ከሰነቴ ተራራ የወረደው ጉም ግቢውን ሞልቶት ነበር። ገና ወጣት ናቸው። ከሰዓት በኋላ ወደ በሩ መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«እዚህ አገር ባለጉዳይ እንዴት ነው የሚቀርበው?»

«ጌታዬ፥ መጀመሪያ እጅ መንሻ ይዞ ይገባል። ከዚያ ጉዳዩ ይታያል።»

«ልማዱ ነው?»

«ልማዱ ነው።»

«እንግዲህ ልማዱ ከሆነ...» ብለው ተመለሱ።

ዙህራ አጥሩ ሥር ቁጭ ብላ ሁሉንም ሰምታለች። በገመድ የያዘቻት በግ እርጉዝ ናት፤ የቀረቻት እሷ ብቻ ነች። ተነሥታ ወደ ዘበኛ ጎጆዬ መጣች፤ መደቡ ላይ የተነጠፈውን የበግ ቆዳ አየች። የሚታረደው በግ ቆዳ የዘበኛው ነው፤ እሱም ልማድ ነበር።

«ይህች ቡላዋ በጌ ናት፥ ቆዳዋን አውቀዋለሁ፥» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ዳኛውን በየሁለት ዓመቱ አስነሣን። አንተንስ መቼ ነው የምናስነሣህ?»

አልተቆጣችም፤ ደክሟት ነበር። ለሁለተኛው ዳኛ «ልማዱ ነው» ብዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ለሦስተኛውም እኔ ነኝ፥ በዚያው ቃል። ማንም አላዘዘኝም። ሁለት ዓመቱ ክፉ ነው አልልም፤ የወዚርን ወዳጅ አስነሥቶልናል። ግን የሚነሡት ወንበሩ ላይ ያሉት ናቸው። በሩ ላይ ያለነው እንቀራለን፥ ለሚመጣውም እናስተምራለን። ዙህራ ነገ እመለሳለሁ ብላ በጓን እየጎተተች ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ዳኛው ሲመጡ በር ላይ አስቆምኳቸው። እንዲያ ደፍሬ አላውቅም። «ጌታዬ፥ ትናንት ልማድ ነው ያልኩዎ እጅ መንሻ እኔ ያቆየሁት ነው፥» አልኳቸው። አዩኝና ገቡ። ዙህራ ስትደርስ የበጓን ገመድ ከእጇ ተቀበልኳት።

«ባዶ እጄን?» አለች።

«ባዶ እጅሽን ግቢ።»

ነጠላዋን አስተካክላ ገባች። እኔ በጓን ሣር ወዳለበት ጥግ ወስጄ፥ እስክትወጣ ድረስ ገመዱን ይዤ ቆምኩ።