ከካቡ ሥር ያለው ረድፍ

አክስቴን ሰፈሩ በሙሉ «ትንሽ ቆዩ» ነው የሚላት። በዋና ስሟ የሚጠራት ባሏ ጋሼ ብቻ ነው፤ እሱም ሲናደድ «አንቺ ሴትዮ» ይላታል። ቅጽል ስሙ የወጣላት ወይን ለቃሚዎች መቀስ ይዘው በመጡ ቁጥር በር ላይ ቆማ ትንሽ ቆዩ ስለምትል ነው።

ምን ታድርግ! የኛ ቁልቁለት ብርድ ነው። ያለን ደግሞ ሜርሎ ነው፣ ቀይ ወይን ጠጅ የሚጠመቅበት ዘር፤ ሙቀት ሲያጣ ያኮርፋል። ላዩ ጠቁሮ የበሰለ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ጥሬ ነው። ያኔ ከለቀምከው ወይን ጠጁ ቃሪያ ቃሪያ ይላል። ጋሼ ዝናብ ስለሚፈራ በየዓመቱ ቶሎ ያስለቅማል፣ በየዓመቱም ቃሪያ እንጠጣለን። እንግዳ «ጥሩ ነው» ብሎ ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ይገፋዋል።

አምና ጋሼ ቆረጠ። አሁንም ቃሪያ ካለ ነቅዬ ድንች እተክላለሁ አለ። ወይኑን የተከሉት የአክስቴ አባት ናቸው። እሷ ግን አልተከራከረችም። የሚለቀምበትን ቀን እኔ ልንገራችሁ አለች፣ በቃ። እሺ አለ፤ እምቢ ቢልማ ማን እራት ይሰጠዋል?

አክስቴ ብስለቱን የምታውቀው በጥርሷ ነው። ፍሬውን ትመጥጥና ዘሩን ትነክሰዋለች። ቡናማ ሆኖ ቀጭ ካለ ደርሷል፤ አረንጓዴ ከሆነና ጥርስ ላይ ከተጣበቀ ትንሽ ቆዩ። ጉልበቷን ስለሚያማት ከላይ፣ ከማሳው አናት ካለው የድንጋይ ካብ አትርቅም። ካቡን ተደግፋ ትነክሳለች፣ ትተፋለች። ደመናው ከበደ፣ ጎረቤት ሁሉ ለቅሞ ጨረሰ፣ እሷ ወይ ፍንክች። ጋሼ በንዴት ግቢውን ሲዞር ጫማው አለቀ።

አንድ ጠዋት ቀጭ አለላት። ለቀምን። ከካቡ ሥር ያለው ረድፍ ቀድሞ ስለተለቀመ ትንሿን በርሜል ሞላ፣ ሌላው ትልቁ ውስጥ ገባ።

ብርዱ ሲያልፍ ትልቁን ቀዳነው። ቃሪያ። ያ ሁሉ ጥበቃ፣ ያ ሁሉ ጭቅጭቅ፣ ቃሪያ! ጋሼ ዶማውን አነሳ። እኔ በብስጭት ትንሿን ከፈትኩ። እዚያ ያለው ግን ለስላሳ፣ የበሰለ ፕሪም የመሰለ ነገር ነው። ብርጭቆውን ሦስታችን ተቀባበልን።

«ካቡ ነው» አለች አክስቴ። «ቀን ፀሐይ ጠጥቶ ሌሊቱን ሲያሞቀው ያድራል። እኔ ሞኟ ጉልበቴን ብዬ ያንኑ የሞቀውን ስነክስ ከረምኩ። ታች ያለው መች ደርሶ!»

«ታዲያ አንድ ረድፍ ምን ያደርግልኛል?» አለ ጋሼና ወረደ።

ከታች ወይኑን እየነቀለ ወደ ላይ መምጣት ያዘ። እሷ ደግሞ ከላይ፣ ሁለተኛው ረድፍ ጀርባ፣ አዲስ ካብ ጀምራለች። ድንጋይ ተሸካሚው እኔ ነኝ፣ ወገቤ ተቆረጠ። ትናንት ጋሼ ዶማውን ተደግፎ ቆመና አያት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ካብ የት ድረስ ነው?»

«ትንሽ ቆይ» አለችው፣ ቀና እንኳ ሳትል።

እስካሁን መንቀሉን እንዳቆመ ነው፤ ግን ዶማውን አላስቀመጠም።