በጎረቤት እሳት

በቢቸና ከተማ ለመብራት ከእኔ ያነሰ የሚከፍል አባወራ ከተገኘ ጢሜን እላጫለሁ። ጢም ግን የለኝም፤ ብልሃትም የለኝም። ታሪፉ በጨመረ ቁጥር ምድጃዬን አልለኩስም፣ ይኸው ነው። ቤቴ ከመቀዝቀዙ የተነሣ አይጦቹ እንኳ ወደ ጎረቤት ተሰደዋል።

ዛሬ ጠዋት የእርጥብ ኩበት ጭስ በአጥር አልፎ ሲመጣብኝ፣ ልጅ ሆኜ ሞጣ አክስቴ ቤት የኖርሁበት ጊዜ ትዝ አለኝ። አክስቴ ክብሪት ለመቆጠብ ማታ ማታ ፍሙን በአመድ ታዳፍን ነበር። አንድ ጠዋት ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ኩበት ይዘው ብቅ አሉ።

«እሳት ልጭር መጣሁ፤ አድሮላችኋል?»

«ጠፍቷል» አልሁ፤ ሲወስዱብን የሚያልቅ መስሎኝ።

አክስቴ ከጓዳ ወጥታ ጆሮዬን ጠመዘዘችው። አመዱን ገለጠችና ትልቁን ፍም ሰጠቻቸው።

«እሳት ሲሰጡት አይጎድልም፣ አንተ ንፉግ!»

«የኛ ቢጠፋስ?»

«ከሳቸው ቤት እንጭራለና!»

የዛሬው ጭስ የጎረቤቴ የእማማ ጥሩወርቅ ነው። ከሰል ቢወደድባቸው ትናንት የሽሮ ድስታቸውን ይዘው፣ በኤሌክትሪክ ምድጃዬ ሊያበስሉ መጥተው ነበር። እኔ ደግሞ በመስኮት አይቻቸው፣ በር ሳያንኳኩ ሮጬ የቆጣሪውን ማብሪያ አጠፋሁት።

«መብራት የለም እኮ፣ እማማ።»

«ውይ ልጄን! በዚህ ብርድ? በል እኔው ኩበት ላንድድ፤ ና ሙቅ።»

ሄድሁ። እሳታቸውን ሞቅሁ፤ ሽሯቸውንም ድስቱ እስኪጠረግ በላሁ።