ሞተሩ ሲጠፋ ከኩሬው የሰማነው

ሥራዬ ውሃ ማዳመጥ ነው። ይህን ስል ሰው ይስቃል፤ ለምጄዋለሁ። ውሃ የማያበላሸው ማይክሮፎን በገመድ ወደ ታች እሰድና ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ። ታች ማን እንዳለ በድምፁ እለያለሁ። ዓሣው፣ ነፍሳቱ፣ ፀሐይ ሲያገኘው አረፋ የሚተፋው የውሃ ሣር ሳይቀር ድምፅ አለው። ዘዴውን ሌሎች ለባሕር ይጠቀሙበታል። እኔ ባሕር የለኝም፤ የጨፋ ረግረግ አለኝ።

ባለፈው በጋ ከከሚሴ ተነሥቼ ወደ አጎቴ ማሳ ወረድኩ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው። በእርሻቸው ጫፍ ደንገል የከበበው ኩሬ አለ። ስደርስ የውሃ ሞተሩ እየጮኸ ኩሬውን ወደ ቦይ ይደፋል። አድርቀው ሽንኩርት ሊተክሉበት ነው።

«ምነው አጎቴ፣ ሳይነግሩኝ?»

«ምን እነግርሻለሁ? የሞተ ውሃ ነው። ከትንኝ በቀር ምን አለበት?»

«አልሞተም። ላሰማዎት።»

ማይክሮፎኑን ሰድጄ ማዳመጫውን ሰጠኋቸው። ወዲያው ሳቁ።

«የገዛ ሞተሬን አሰማሽኝ እኮ!»

አላፈርኩም። በዚያ ጩኸት መሃል ማንም ቢሆን ሌላ ነገር አይሰማም።

«እስከ ዙህር ሶላት ያጥፉልኝ» አልኳቸው። «ምንም ካልሰሙ እኔው ራሴ አስነሣዋለሁ።»

ፊቴን አየት አድርገው ሄደው አጠፉት።

ማዳመጫውን መልሼ ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። መጀመሪያ ጭር አለ። ቀስ በቀስ ከደንገሉ ሥር ከነፍሳቱ አንዱ ጭርር አለ፤ ሌላው ተቀበለው። ከጥልቁ በኩል አምባዛ አጉረመረመ። ሣሩ እንደሚቆላ በቆሎ ጣ ጣ ይል ጀመር። ማዳመጫውን አውልቄ ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው።

አጎቴ ሲደነግጡ አማርኛው ይጠፋቸዋል። «ኩን ማሊ?» አሉ፤ ይኼ ምንድነው ማለታቸው ነው።

«ነዋሪዎቹ ናቸው።»

«ሱብሃነላህ!»

ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ዙህር ሲደርስ ሰግደው ተመለሱና እጃቸውን ዘርግተው ማዳመጫውን ጠየቁኝ።

ያን ቀን ሞተሩ አልተነሣም። ሽንኩርቱን ግን አልተዉም፤ እኔም ይተዉ አላልኩም፤ ቤተሰብ የሚያድረው በእሱ ነው። ቁጭ ብለን ተመካከርን። ውሃው የሸሸበትን ዳር ለሽንኩርት ያዙ፣ ጥልቁን ለነዋሪዎቹ ለቀቁ፣ የሞተሩንም ቱቦ ውሃ ከቦርከና ወንዝ እንዲስብ አዞሩት።

«ቅር አላለዎትም?» አልኳቸው።

«ትንሽ ብሎኛል፤ አልዋሽሽም። ግን ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ያን ሁሉ ነፍስ ከሰማሁ በኋላ በምን እጄ ላድርቀው?»

ክረምቱ ሲወጣ ተመልሼ ሄድኩ። ኩሬው ሞልቷል። ከበጋው የበዛ ዓይነት ድምፅ ቀዳሁ፤ አንዱ የማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀኝም። አገኘዋለሁ። አጎቴ ደግሞ ወሬውን ጨፋ ሮቢት ገበያ አዳርሰውት ኖሯል፤ አንድ ጎረቤታቸው መንገድ ላይ አስቆመኝ።

«የእኔንስ ኩሬ መቼ ነው የምትሰሚልኝ?»

«ሐሙስ» አልኩት። «በሬዎችህን ግን ውሃውን እንዳያንቦጫርቁብኝ ያን ቀን ሌላ ቦታ አጠጣ።»