ቢጫው የአልጋ ልብስ

ፀሐይ ላይ የደረቀ ልብስ ሲሸተኝ ዛሬም ፊቴን አዞራለሁ። ሌላው ሰው ይወደዋል ይህን ሽታ። እኔ ግን መካኒሳ የነበረው ግቢያችን፣ የልብስ ማስጫው ሽቦና እላዩ ላይ የሚውለበለበው ቢጫ የአልጋ ልብስ ይመጣብኛል።

አባታችን የሞተ ዕለት ጎረቤቶች የእኔንና የታናሽ እህቴን ፊት አጥበው፣ ምሳ ዕቃችንን አስይዘው ወደ ትምህርት ቤት ሰደዱን። ልጅ ለቅሶ እንዳያይ ተብሎ ነው። ስንመለስ በራችን ላይ ድንኳን ተተክሎ ጠበቀን። ትልልቅ ሰዎች ለልጅ ሲያዝኑ እንዲህ ናቸው፤ ይህ ነገራቸው እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

እህቴ ያኔ አንደኛ ክፍል ነበረች፣ እኔ ስድስተኛ። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት እምቢ አለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ዩኒፎርሟን ባየች ቁጥር የበሩን መቃን ጨምድዳ ትይዛለች። «እኔ ስሄድ እማዬም ትሞታለች!» ትላለች። ለመንናት፣ ከረሜላ ገዛንላት፣ አንድ ቀንማ በጥፊ መትቻታለሁ።

መላውን ያመጣችው እናታችን ናት። ትምህርት ቤቱ ዳገት ላይ ስለነበር ከአጥሩ ሥር ሆኖ ላየ ግቢያችን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ቢጫውን የአልጋ ልብስ ጠዋት ጠዋት አሰጣዋለሁ። እሱን ካየሽ እኔ አለሁ ማለት ነው። እሺ የኔ እናት?» አለቻት።

በየዕረፍቱ እጇን ይዤ ወደ አጥሩ እወስዳታለሁ። ታየዋለች፣ በረጅሙ ትተነፍሳለች፣ ከዚያ ዳቦዋን ትገምጣለች። እናታችን ዝናብ እየዘነበ እንኳ ታሰጣዋለች፤ ጎረቤቱ ለየላት እስኪል። እህቴም ቀስ በቀስ ከልጆች ጋር ገመድ መዝለል ጀመረች።

እናታችን ደረቷን ሲያማት ከርሞ አንድ ጠዋት፣ እህቴ ሳትነቃ፣ ሰዎች ደግፈው ሐኪም ቤት ወሰዷት። ጎረቤታችን ከበሩ ተመልሳ «ትንሿን ይዘሽ ትምህርት ቤት ሂጂ። ምንም እንዳትነግሪያት» አለችኝ።

የአልጋ ልብሱን ከእናታችን አልጋ ላይ ገፍፌ፣ በርጩማ ላይ ቆሜ ሰቀልኩት። ሙቀቷ ገና አልለቀቀውም ነበር። እህቴ ነቅታ «እማዬስ?» ስትለኝ «ገበያ» አልኳት።

በዕረፍት ሰዓት አየችውና ሳቀች።

«አለች!» አለችኝ።

«አለች» አልኳት።

ስንመለስ ድንኳኑን ከመታጠፊያው አየነው። የአልጋ ልብሱ ከጎኑ እንደተሰጣ ነበር፤ ማን ያስታውሰው? እህቴ አላለቀሰችም። አንዴ ድንኳኑን፣ አንዴ የአልጋ ልብሱን አየችና «ማን ሰቀለው?» አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። እጇን ከእጄ አወጣች። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን አንስታብኝ አታውቅም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ እሷም እናት ሆናለች፣ ጀሞ ነው የምትኖረው። ባለፈው ሰኞ ልጇን ለመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት ስታደርስ አብሬያት ሄድኩ። ሕፃኗ በሩ ላይ የእናቷን ቀሚስ ይዛ «ትመጫለሽ? እውነት በይ!» እያለች ታለቅስ ጀመር። መምህሯ «ትመጣለች፣ ትመጣለች» ትላታለች። እህቴ ተንበርክካ የልጇን ንፍጥ ጠረገችላት።

«ካለሁ እመጣለሁ» አለቻት።

መምህሯ ደንግጣ አየቻት። ሕፃኗ ግን ጥቂት አሰበችና ቀሚሱን ለቃ ገባች።

«እንሂድ?» አልኳት እህቴን።

«አንቺ ሂጂ። እኔ እስክትወጣ እዚሁ እጠብቃታለሁ።»

ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ።