በፍልሰታ የቀረበ ኬክ

ባለፈው አርብ ልጄ ከአውሮፓ ዕረፍቷ ስትመለስ፣ ቪየና ካለ አንድ ጥንታዊ ካፌ የገዛችውን ኬክ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ወዳለው የእናቴ አፓርትመንት ይዛ መጣች። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው የካፌ ስም የማውቀው ነበር፤ ሲከፈት የቸኮሌቱና የማርማላታው ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ እኔም ሳላስበው ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ተመልሼ ተገኘሁ።

ያኔ ቪየና ውስጥ የአሜሪካ ቪዛ የምንጠብቅ ስደተኞች ነበርን። የእናቴና የእኔ ወረቀት ሲያልቅ፣ የአባቴ ግን ሳንባው ላይ አንድ ነገር ታየ ተብሎ ዘገየ። ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን፣ ባለፍን ቁጥር አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ወደምለጥፍበት ካፌ ይዞን ገባ። ወንበሩ ቀይ ከፋይ፣ ጠረጴዛው እብነ በረድ፣ አስተናጋጁ ከሚኒስትር የባሰ ኩሩ! ክሬም የተደፋባቸው ሦስት ኬኮች ቀረቡ። ጊዜው ግን ፍልሰታ ነበር፤ እናቴ የእሷንም የእኔንም ሳህን ገፋ አደረገች።

«እዚህ ማን ያይሻል?» አላት አባቴ እየሳቀ።

«የሚያየኝማ እዚህም አለ።»

እኔ ምራቄን እየዋጥኩ፣ እሱ እኛን እያየ፣ የራሱን ብቻውን ቀስ ብሎ በላ። አሜሪካ ስመጣ አብረን እንበላለን አለን። አልመጣም፤ ያው ሳንባው እዚያው ሆስፒታል ገደለው።

እናቴ ከዚያ ወዲህ ኬክ አፏ ገብቶ አያውቅም። ፍልሰታ በመጣ ቁጥር «አንዴ ብቀምስለት ምን ነበረበት?» እያለች ታለቅሳለች፤ አብሬያት አለቅሳለሁ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን መርሳት ጀምራለች።

ልጄ ይህን ሁሉ አታውቅም። «እማማ፣ ጀስት ዋን ባይት፣ ፕሊስ» ብላ ሹካውን አቀበለቻት። አርብ መሆኑን ልነግራት አፌን ስከፍት፣ ዕድሜ ልኳን አርብን ገድፋ የማታውቀው እናቴ ጎረሰች። ደገመች። ጨርሳ ጣቷን ላሰች።

«ይጣፍጣል። ከየት ነው?»

«ከቪየና ነው እማዬ፤ አባባ ከወሰደን ካፌ።»

«እሱ ደግሞ ማነው?» አለች፣ ፍርፋሪውን እየለቀመች።

ከዚያ ጸጸት ስለተገላገለች ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አልቻልኩም። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ነበርን፤ አሁን እኔ ብቻ ቀረሁ።